በማህተም የሚሠሩ ካርዶችን ቀለም መቀባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥዕል የተቀረጸበትን የጎማ ማህተም ወረቀት ላይ መትተው ንድፉን በቀለም የሚሞሉ ካርድ ሠሪዎች አዲስ የአቀባብ ዘዴ ሞክረው ሳይሳካላቸው ሲቀር መጀመሪያ የሚወቅሱት እጃቸውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእጅ አይደለም፤ ማህተሙ የተመታበት ቀለም፣ ወረቀቱና የሚቀቡበት ቀለም ሳይስማሙ ቀርተው ነው። ከታች ባሉት መልሶች ይህንኑ ደጋግሜ ባነሳው አይግረምዎ።

ስዕል ላይ ምንም ችሎታ የለኝም። ቀለም መቀባት መማር እችላለሁ?

ይችላሉ። ንድፉን ማህተሙ ይሠራልዎታል፤ ለእርስዎ የሚቀረው በመስመሩ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ሕይወት መስጠት ነው። እንዲህ ያለው የሥራ ክፍፍልም አዲስ አይደለም። ለሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያው የገና ካርድ እየተባለ የሚጠቀሰው፣ ሰዓሊው ጆን ካልኮት ሆርስሊ ነድፎት ሄንሪ ኮል እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ያሳተመው ካርድ፣ መስመሩ በማተሚያ ወጥቶ ቀለሙ በእጅ የተቀባ ነበር። ጃፓኖችም ብዙ ቀለም ደራርቦ ማተም ከመለመዱ በፊት በእንጨት ቅርጽ የሚያትሟቸውን ሥዕሎች በብሩሽ ይሞሏቸው ነበር።

የሚማሩት ነገር ሦስት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፦ የቱ ጋ እንደሚጠቁር፣ የቱ ጋ ነጭ ሆኖ እንደሚቀርና በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር እንዴት እንደሚለሰልስ።

ከየትኛው ዘዴ ብጀምር ይሻላል?

ከባለቀለም እርሳስ። አይፈስም፣ አይደርቅም፣ ወረቀት ብዙም አይመርጥም። ሲሳሳቱም ቀስ ብለው ነው የሚሳሳቱት፤ ስለዚህ ሳይበላሽ መመለስ ይቻላል። በእርሳስ ጥላ ማሳረፍ የለመደ ሰው ማርከር ሲይዝ ሥራው ይቀለዋል።

አልኮል ማርከር (ቀለሙ በአልኮል የተሟሟ ማርከር) ፈጣን ነው፤ ውጤቱም ለስላሳ ነው። ነገር ግን ጠቆር ያለውንና ፈዘዝ ያለውን ቀለም ለየብቻ መግዛት ስለሚያስፈልግ ኪስ ይጎዳል። እርሳስ ላይ አንዱን ቀለም ጫን ወይም ላላ በማድረግ ብቻ ሦስት አራት ደረጃ ይወጣል። የውሃ ቀለም ደግሞ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ብዙ ያሠራል፤ ይሁንና ትዕግሥትና ደህና ወረቀት ይፈልጋል።

ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። አንዱን ዘዴ ይያዙና ያንኑ አንድ ማህተም ደጋግመው ይቀቡ። አበባ ዛሬ በማርከር፣ ነገ ቢራቢሮ በውሃ ቀለም የሚቀባ ሰው ምኑ እንደተሻሻለ፣ ምኑ እንደቀረው ማወቅ ይቸግረዋል።

ስቀባ ጥቁሩ መስመር ለምን ይጨማለቃል?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልሰው።

የሚጨማለቀው የማርከሩ ወይም የብሩሹ እርጥበት የማህተሙን ቀለም ስለሚያሟሟው ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ የማህተሙን ቀለም የሚያሟሟው ፈሳሽና የሚቀቡበት ቀለም የያዘው ፈሳሽ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። ውሃ የሚያሟሟው የማህተም ቀለም ላይ ውሃ ከመጣበት መስመሩ ይነሳል። አልኮል የሚያሟሟው ላይ አልኮል ማርከር ከሄደበት ደግሞ መስመሩ ይበላል።

ስለዚህ በአልኮል ማርከር የሚቀቡ ከሆነ ዳይ ኢንክ የሚባለውን፣ ወረቀት ውስጥ ሰርጎ የሚደርቀውን የማህተም ቀለም ይጠቀሙ፤ ብዙ ካርድ ሠሪዎች ለዚህ ሜሜንቶን ይመርጣሉ። ይኸው ሜሜንቶ የውሃ ቀለም ሲመጣበት ግን ወዲያው ይፈታል። በውሃ ቀለም ወይም በውሃ ማርከር ለመቀባት ቬርሳፋይንን ወይም አርካይቫልን የመሳሰሉ፣ ከደረቁ በኋላ ውሃ የማያስነሳቸው ቀለሞች ይሻላሉ። መስታወትና ፕላስቲክ ላይ ሳይቀር የሚይዘው ስቴዝኦን ውሃን ይቋቋማል፤ አልኮል ማርከር ግን ይፈታዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ማሸጊያው ላይ «ውሃ የማያስለቅቀው» ተብሎ ስለተጻፈ ማንኛውንም ማርከር የሚችል ይመስለዋል። ውሃን መቋቋምና አልኮልን መቋቋም ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ የመድረቂያ ጊዜ ነው። ትክክለኛው ቀለምም ቢሆን ሳይደርቅ ከነኩት ይጨማለቃል። ዳይ ኢንክ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ፒግመንት ኢንክ የሚባለው፣ በደቃቅ የቀለም ዱቄት የሚሠራው፣ ከወረቀቱ በላይ የሚቀመጥ ስለሆነ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ካላገኘ ሳይደርቅ ሊቆይ ይችላል። መጠበቅ የማይወዱ ከሆነ የሙቅ አየር መሣሪያውን ከፍ አድርገው ይዘው ለጥቂት ሰከንድ ያሳልፉበት።

ካርዱ ላይ ከመግባትዎ በፊት ሁልጊዜ ብጣሽ ላይ ይሞክሩ። ማህተሙን ይምቱ፣ ይጠብቁ፣ ከዚያ በጣም ፈዛዛ የሆነውን ማርከርዎን መስመሩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልሱት። አሁን መስመሩን ሳይሆን የማርከሩን ጫፍ ይመልከቱ። ጫፉ ግራጫ ከሆነ ቀለሙ እየተነሳ ነው፤ ዓይንዎ መስመሩ ላይ ገና ያላየውን ጫፉ ቀድሞ ይነግርዎታል። በዚያው ብጣሽ ላይ ንጹሕ ቀለም እስኪወጣው ድረስ ቢጭሩት ጫፉ ይጸዳል።

ምን ዓይነት ወረቀት ልግዛ?

ለአልኮል ማርከር፦ ለስላሳ፣ ጠጠር ያለና ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ካርድ ወረቀት። ቀለሙ ለትንሽ ጊዜ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ ሁለት ቀለም የሚዋሃድበት ፋታ አይገኝም። ሳሳ ያለና ቶሎ የሚጠጣ ወረቀት ቀለሙን ከመስመር ውጪ ያስፈሰዋል። ማርከሩ ከጀርባ ዘልቆ መታየቱ ግን የወረቀት ጉድለት ምልክት አይደለም። አልኮል ማርከር ሁሌም ይዘልቃል፤ እንዲያውም ወረቀቱ በቂ ቀለም እንደጠጣ የሚታወቀው በዚያ ነው። ከሥር ሌላ ወረቀት ያንጥፉ፤ ሥዕሉንም ሲጨርሱ ቆርጠው ካርዱ ላይ ይለጥፉት።

ለውሃ ቀለም፦ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውሃ ቀለም ወረቀት። ከዚህ የሳሳው ሲርስ ይጨማደዳል። ሸካራውና ለስላሳው የሚባሉ ሁለት ዓይነት ያገኛሉ፤ ለማህተም የሚሻለው ለስላሳው ነው። ሸካራው ለቀለሙ ውበት ቢሰጠውም ማህተሙ ጉድጓዶቹ ውስጥ ስለማይደርስ መስመሩ ይቆራረጣል። ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የተሠራው ውድ ነው፤ ነገር ግን ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ ቀለሙ በእርጋታ ይሰራጫል። ገንዘብ ማውጣት የሚገባው ለወረቀት ነው ብዬ አምናለሁ። ርካሽ ቀለም በጥሩ ወረቀት ላይ ደህና ይወጣል፤ ውድ ቀለም በመጥፎ ወረቀት ላይ አይወጣም።

ለእርሳስ፦ ትንሽ የሚሻክር ገጽ ያለው ማንኛውም ወፍራም ወረቀት። በጣም ለስላሳ ከሆነ እርሳሱ የሚጨብጠው ነገር ያጣና ከሁለተኛው ዙር በኋላ መንሸራተት ይጀምራል።

በአልኮል ማርከር ስቀባ መስመር መስመር ይሆንብኛል። እንዴት ነው ለስላሳ የሚሆነው?

ቀለም ስላነሰው ነው። ብዙ ጀማሪ ማርከሩን እንደ እስክሪብቶ ወዲያና ወዲህ ይስበዋል፤ የመጀመሪያው መስመር ደርቆ ሁለተኛው ሲያርፍበት ድርብ ይሆንና ይታያል። በትናንሽ ክብ እንቅስቃሴ፣ ከአንድ ጥግ ጀምረው፣ ጠርዙ ሳይደርቅ ወደፊት ይግፉት።

ማዋሃዱን በአንዲት የአበባ ቅጠል ላይ እናሳየው። ሦስት ማርከር ይያዙ፦ ፈዛዛ፣ መካከለኛ፣ ጠቆር ያለ። መጀመሪያ ቅጠሏን በሙሉ በፈዛዛው ያርጥቡ። ወዲያው ጠቆር ያለውን ይዘው ቅጠሏ ከአበባው መሐል ጋር ከምትገናኝበት ሥር ይጀምሩ፤ ጫፉን አሳርፈው ወደ ውጪ ፈንጠር እያደረጉ ያንሱት፣ መስመሩ ሲጀምር ወፍሮ ሲያልቅ እንዲቀጥን። ከቅጠሏ ርዝመት ሲሶው ላይ ያቁሙ። መካከለኛውን ደግሞ ከጠቆረው በላይ ጀምረው አልፈውት እንዲሄድ በተመሳሳይ ሁኔታ ይሳቡት፤ ያኔ የጠቆረው ጫፎች መሟሟት ይጀምራሉ። በመጨረሻ ፈዛዛውን በሁለቱ መገናኛ ላይ ክብ ክብ እያደረጉ ይመልሱት። እርጥብ ሳለ ድንበሩ የቀረ ሊመስልዎት ይችላል። ይተዉትና ይድረቅ፤ ሲደርቅ ቀለሙ ፈካ ይላል፣ ድንበሩም ይለሰልሳል። ካልጠፋ አንድ ዙር ይደግሙታል።

ሦስተኛ ዙር ላይ ወረቀቱ መጥገብ ይጀምራል። ጀርባውን ገልበጥ አድርገው ሲያዩት ቅርጹ ከመስመሩ አልፎ ከሰፋ ያቁሙ፤ ከዚህ በላይ የሚጨምሩት ሁሉ ከመስመር ውጪ ነው የሚወጣው።

ማርከሮቹ ላይ ያሉት ፊደልና ቁጥሮች ምን ይናገራሉ?

አምራቹ ይለያያል። ብዙዎች የሚያጣቅሱት ኮፒክ የተባሉት አልኮል ማርከሮች የሚከተሉትን አሠራር ነው። ፊደሉ የቀለሙን ቤተሰብ ይናገራል። የመጀመሪያው አኃዝ ቀለሙ ምን ያህል ንጹሕ ወይም ግራጫማ እንደሆነ ያሳያል፤ ዜሮ በጣም ደማቁ፣ ዘጠኝ በጣም ግራጫማው። የመጨረሻው አኃዝ ደግሞ ፍካቱን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠቁራል። ስለዚህ ፊደላቸውና የመጀመሪያ አኃዛቸው አንድ ሆኖ በመጨረሻው አኃዝ ሁለት ሦስት የሚራራቁ ማርከሮች በቀላሉ ይዋሃዳሉ፤ ለምሳሌ አር 22፣ አር 24 እና አር 27። የሁሉንም ቀለም ስብስብ መግዛት አያስፈልግም። ስኬች የተባለው የኮፒክ ዓይነት ብቻ 358 ቀለም አለው፤ ሁሉንም የሚነካ ሰው ጥቂት ነው። ሦስት ሦስት እያሉ በቤተሰብ መግዛት ይበቃል።

ክዳኑ ላይ ያለውን ቀለም ግን አይመኑ። ማርከሮችዎን ሁሉ በምትሠሩበት ወረቀት ላይ በትንንሽ አራት ማዕዘን ቀብተው፣ ቁጥሩን ከሥሩ ጽፈው የቀለም ሰንጠረዥ ያዘጋጁ። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ቀለም የሚመርጡት በግምት አይሆንም።

የእርሳስ ሥራዬ የሕፃን ሥራ ይመስላል፤ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ይታይበታል።

ነጠብጣቡ የወረቀቱ ጉድጓዶች ናቸው፤ እርሳሱ ጫፎቹን ብቻ ነክቶ ነው የሚያልፈው። መፍትሔው ጫን ማለት አይደለም። ጫን ሲሉ ወረቀቱ ይለሰልስና ሌላ ቀለም አይቀበልም። እርሳሱን በደንብ ይቅረጹ፣ ከጫፉ ራቅ አድርገው ይያዙ፣ በቀላል እጅ አራት አምስት ዙር ይቀቡ፤ በየዙሩም አቅጣጫ ይቀይሩ።

ከዚያ ሁለት አማራጭ አለዎት። አንደኛው በነጭ ወይም ቀለም በሌለው የማዋሃጃ እርሳስ ጫን ብሎ መጨረስ ነው፤ ገጹ ይታሻል፣ ያበራልም። ሁለተኛው ሽታ አልባ በሆነ የሥዕል ማሟሟያ ማዋሃድ ነው። የተጠቀለለ የወረቀት ጫፍ በማሟሟያው ጠቀስ አድርገው፣ ትርፉን ጨርቅ ላይ አራግፈው፣ ከፈዛዛው ወደ ጠቆረው በክብ እንቅስቃሴ ያሻሹታል። እርሳሱ ቀልጦ እንደ ቀለም ቅብ ይሆናል። ከጠቆረው ከጀመሩ ግን ጥቁረቱን እየጎተቱ ነጩን ቦታ ያቆሽሹታል።

እርሳሶቹ ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። እንደ ፕሪዝማከለር ፕሪሚየር ያሉት ሰም ይበዛባቸዋል፤ ለስላሳ ናቸው፣ ቶሎ ይሞላሉ፣ ነገር ግን በደንብ ከተደራረቡ ከጊዜ በኋላ ገጹ ላይ ነጣ ያለ ጉም መሰል ሽፋን ሊያወጡ ይችላሉ። በለስላሳ ጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ይለቃል። እንደ ፋበር ካስቴል ፖሊክሮሞስ ያሉት በዘይት የተሠሩ ናቸው፤ ጠንከር ይላሉ፣ ጫፋቸው ቶሎ አያልቅም፣ ለቀጫጭን መስመር ይመቻሉ።

ማርከርና እርሳስ አንድ ላይ መጠቀም ይቻላል?

በጣም ጥሩ ነው። ማርከር መጀመሪያ፣ እርሳስ ኋላ። ማርከሩ ነጠብጣቡን ሁሉ ይሸፍንልዎታል፤ እርሳሱ ደግሞ ጥላና ዝርዝር ይጨምራል። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት የእርሳሱ ሰም የማርከሩን ጫፍ ይደፍነዋል። ጥቂት ማርከር ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ መላ አላውቅም።

የውሃ ቀለሜ ሲደርቅ ጠርዙ የተጨራመተ ቀለበት ለምን ያወጣል?

ግማሽ የደረቀ ቦታ ላይ ከእሱ የረጠበ ብሩሽ ስላሳረፉ ነው። አዲሱ ውሃ የነበረውን ቀለም እየገፋ ይሄድና የደረሰበት ጠርዝ ላይ ያከማቸዋል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው ማየት ይልመዱ። ገጹ እንደ መስታወት ካበራ ገና እርጥብ ነው፤ ቀለም ቢጨምሩበት በልስላሴ ይሰራጫል። ማብራቱ ሊጠፋ ሲል ግን እጅዎን ይሰብስቡ፤ አደገኛው ሰዓት ያ ነው። ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ሲነኩትም የማይቀዘቅዝ ሲሆን ሁለተኛውን ዙር ይቀጥሉ።

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቅጠሎችን በአንድ ጊዜ አይቀቡ፤ ይፈሳሰሳሉ። አንዱን እየዘለሉ ይቀቡና የመጀመሪያዎቹ ሲደርቁ ይመለሱ። ብሩሹን ከውሃው አውጥተው ሶፍት ላይ አንድ ጊዜ ነካ ማድረግም ብዙ ችግር ያስቀራል።

ለጀማሪ የማበረታታው መስመሩን በኢምቦሲንግ መሥራት ነው። ማህተሙን ቬርሳማርክን በመሰለ የሚያጣብቅ ቀለም ይመቱታል፣ የኢምቦሲንግ ዱቄት ይነሰንሱበታል፣ ትርፉን አራግፈው በሙቅ አየር ያቀልጡታል። መስመሩ ከፍ ብሎ ይደርቅና ለውሃው ግድብ ይሆናል፤ ቀለሙ ከመስመሩ አልፎ አይሄድም። ያልተለማመደ እጅም ንጹሕ ሥራ ያወጣበታል።

ዱቄቱ ባልፈለግሁት ቦታ ሁሉ ይጣበቃል።

የጣት ወዝ ወይም ወረቀቱ ላይ በመፋተግ የተፈጠረ ኤሌክትሪክ ነው የሚስበው። ማህተሙን ከመምታትዎ በፊት ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን የዱቄት ከረጢት ወረቀቱ ላይ ያሽሹበት። የቀረውን ጥቂት ብናኝ ሳይቀልጥ በፊት በደረቅ ቀጭን ብሩሽ ያንሱት። መሣሪያውን ደግሞ ከወረቀቱ አርቀው መጀመሪያ ያሙቁት፤ ቀዝቃዛው ትንፋሽ ዱቄቱን ይበትነዋል። ዱቄትነቱ ጠፍቶ ማብራት ሲጀምር ወዲያው ይለፉት፤ ከቆዩበት ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ይጠፋል።

ጥላ የት እንደማሳርፍ እንዴት ልወቅ?

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ይወስኑ፤ ከላይ በግራ ይበሉ። ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ላይ ቀስት ስለው ከሥራዎ ጎን ይለጥፉት፤ መሐል ላይ ይረሳልና። ከዚያ የሥዕሉ ክፍል ሁሉ በቀኝና በታች ይጠቁራል፣ በግራና በላይ ይፈካል።

ብርሃኑን ማሰብ ቢያስቸግርዎ ይህቺን ብቻ ይያዙ፦ አንድ ነገር ከሌላ ነገር ሥር የሚገባበት ቦታ ይጠቁራል። ቅጠል ከአበባ ሥር፣ አንገት ከአገጭ ሥር፣ እጅጌ ከክንድ ሥር። መገናኛዎቹን ብቻ ያጠቆረ ሰው ሥራው ወዲያው ከወረቀቱ ላይ ይነሳል።

ሌላው የጥላው ቀለም ነው። ጥቁር አይጠቀሙ። ቢጫ ላይ ጥቁር ሲገባ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ቢጫን በወርቃማ ቡኒ ወይም በብርቱካናማ ያጥሉት። ቀይን በወይን ጠጅ፣ አረንጓዴን በጥቁር ሰማያዊ ወይም በስስ ቀይ። የቀለም ክበብ ላይ ትይዩ ያሉ ቀለሞች ሲደራረቡ ይደበዝዛሉ፤ በስሱ ሲሆን ጥላ፣ ሲበዛ ጭቃ ይሆናል።

ለሥዕሉ መሬት ይስጡት። ከእግሩ ሥር አግድም ፈዛዛ ግራጫ፣ ወይም ዙሪያውን እየራቀ የሚጠፋ ፈዛዛ ሰማያዊ ከተደረገለት አየር ላይ የተንጠለጠለ መምሰሉ ይቀራል።

መስመር የሌለው አቀባብ ሲባል ምን ማለት ነው?

ማህተሙ በጣም ፈዛዛ በሆነ ቀለም ይመታል፤ ለዓይን የሚበቃ ያህል ብቻ። ሲቀቡ መስመሩ በቀለሙ ውስጥ ይጠፋና ሥዕሉ በእጅ የተሣለ ይመስላል። ያምራል፤ ከባድ ነው። መስመር ሲኖር ሁለት ቅጠሎችን የሚለየው መስመሩ ነው፤ መስመር ከሌለ የሚለያቸው የእርስዎ ጥላ ብቻ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለውን የጥላ ነገር ሳይለምዱ ባይሞክሩት እመክራለሁ። ሲሞክሩም ትልልቅ ቅርጽ ያለው አበባ ይምረጡ እንጂ ፊትና ጣት ያለው ሥዕል አይምረጡ። ለማመሳከሪያ ያንኑ ማህተም በጥቁር ሌላ ብጣሽ ላይ መትተው አጠገብዎ ያስቀምጡ።

ከሥዕሉ በስተኋላ ያለውን የካርዱን ገጽ እየደበዘዘ በሚሄድ ቀለም እንዴት ልሙላው?

በብሩሽ ወይም በስፖንጅ። የማህተም ቀለሙን ነካ አድርገው ከወረቀቱ ውጪ ካለው ጠረጴዛ ላይ ክብ ክብ እያሉ ይጀምሩና ወደ ወረቀቱ ይግቡ። መሐል ላይ ካሳረፉት የመጀመሪያዋ ነጥብ አትለቅም። ከፈዛዛው ይጀምሩ፤ ሁለት ቀለም የሚገናኙበት ላይ ፈዛዛውን እንደገና ይመልሱት። ዲስትረስ ኢንክ የሚባለው በውሃ እንዲነቃ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ከጨረሱ በኋላ ጥቂት ጠብታ ውሃ ረጭተው በሶፍት ቢያነሱት የጠብታዎቹ ቦታ ፈክቶ ይቀራል። ዋናውን ሥዕል ለመከለል ማህተሙን ተለጣፊ ወረቀት ላይ ይምቱ፣ መስመሩን ተከትለው ከውስጥ በኩል ይቁረጡት፣ ሥዕሉ ላይ ይለጥፉት፣ ሲጨርሱ ይላጡት።

ማህተሙን ራሱን መቀባት ይቻላል?

ይቻላል። በውሃ ማርከር ጎማው ላይ የተለያየ ቀለም ይቀቡና ቶሎ በሞቀ የአፍዎ ትንፋሽ ሃ ብለው ያርጥቡት፣ ከዚያ ይምቱት። ለእዚህ አልኮል ማርከር አይሆንም፤ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል።

ማህተሙ ሙሉ ሆኖ አይወጣልኝም፤ አንዳንድ ቦታ ይዘላል።

አዲስ ማህተም ገጹ ላይ ያለው ልሙጥ ነገር ቀለም ያንሸራትታል። በላጲስ በቀስታ ያሽሹት። ከወረቀቱ ሥር ለስለስ ያለ ነገር ያንጥፉ፣ ቀለሙን ነካ ነካ አድርገው ያስይዙ፣ ቀጥ ብለው ይጫኑ፣ አያወዛውዙ። ማህተሙን በቦታው ይዞ ደግሞ ደጋግሞ የሚያስመታ ክዳናማ መሣሪያም አለ፤ ወረቀቱ ሳይነቃነቅ ሁለተኛ መምታት ስለሚቻል የዘለለው ቦታ ይሞላል።

ከመስመር ወጣሁ። ሊታረም ይችላል?

አልኮል ማርከር ከሆነ ቀለም የሌለውን ማዋሃጃ ማርከር ከወጣው ቀለም ውጪ ባለው ንጹሕ ቦታ ጀምረው ወደ መስመሩ ይግፉት። ቀለሙን አያጠፋውም፤ ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ጥቁር ቀለም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የውሃ ቀለም ገና እርጥብ ከሆነ በደረቅ ብሩሽ ይመጠጣል። ትንንሹን ነገር ነጭ ጄል እስክሪብቶ ይሸፍነዋል፤ ዓይን ውስጥ ነጥብ፣ ፍሬ ላይ የብርሃን ጭረት ለማድረግም ያው እስክሪብቶ ነው። የሁሉ መጨረሻ መቀስ ነው፦ ሥዕሉን በመስመሩ ዙሪያ ቆርጠው ሌላ ገጽ ላይ ይለጥፉት፤ ማንም አያውቅብዎትም።

ቀለሙ ከጊዜ በኋላ ይለቃል?

የአልኮል ማርከሮች ቀለም ዳይ ስለሆነ ለፀሐይ ከተጋለጠ ይለቃል። ኤንቨሎፕ ወይም መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ካርድ ብዙ አያሳስብም። ፍሬም ተደርጎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ግን በፒግመንት የተሠራ የውሃ ቀለም ወይም ብርሃን እንደሚቋቋም የተጻፈበት እርሳስ ይምረጡ።

ማርከሮቹ እንዳይደርቁ ምን ላድርግ?

ሁለት ጫፍ ያላቸውን አጋድመው ያስቀምጡ፤ ካቆሟቸው ቀለሙ ወደ አንዱ ጫፍ ይወርዳል። ክዳኑ ቀጭ እስኪል ይግጠሙ። መሙያ ቀለም የሚሸጥለትን ዓይነት ከገዙ ጫፉና ቀለሙ እየተቀየረ ዓመታት ይቆያል። ማርከርም ሆነ የሥዕል ማሟሟያ ሲጠቀሙ መስኮት ይክፈቱ። ሽታ አልባ ነው ማለት ትነት የለውም ማለት አይደለም።

የቀባኋቸውን ካርዶች መሸጥ እችላለሁ?

የማህተሙ ንድፍ ባለቤት አምራቹ ነው፤ ስለዚህ የሚወስነው እሱ ያወጣው ደንብ ነው። ብዙ አምራቾች በእጅ የተመታና በእጅ የተቀባ ካርድ መሸጥን ይፈቅዳሉ፤ ያንኑ ሥዕል ስካን ወይም ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማባዛትን ግን ይከለክላሉ። አንዳንዶቹ ስማቸው ካርዱ ጀርባ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቃሉ። ከመሸጥዎ በፊት የእያንዳንዱን ማህተም አምራች ደንብ ለየብቻ ያንብቡ፤ አንድ ካርድ ላይ የሁለት አምራች ማህተም ካለ የሁለቱንም።